ገመዱ የት ይታሰር?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ከንግግሩ ሥር ይጠፋል)

በደሴና በኮምቦልቻ፣ በኩታበርና በአቀስታ፣ በሐይቅና በባቲ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምትጠብቁን ሁሉ፣ ሳምንታዊው ዝግጅታችን ጀምሯል። መሪ የጨበጣችሁ ሾፌሮች ድምፁን ከፍ አድርጉት፤ ዓይናችሁን ግን ከመንገዱ አትንቀሉ።

የዛሬዋ ጥያቄያችን አጭር ናት። መኪና ጭቃ ሲይዘው የሚጎተትበት ገመድ የት ነው የሚታሰረው?

ቀላል ትመስላለች፣ አይደል? ገመድ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አይጠፋም። ጎታችም አይታጣም፤ አንዱ አይሱዙ ብቅ ማለቱ አይቀርም። መኪናው ላይ ጠንካራ ማሰሪያ መኖር አለመኖሩን ግን አብዛኞቻችን የምናጣራው ጉልበታችን ድረስ ጭቃ ውስጥ ከቆምን በኋላ ነው።

መኪና የለኝም የምትሉም ሬዲዮኑን እንዳትዘጉት። ማሰሪያ ተገንጥሎ ሲወነጨፍ ባለመኪናውን መርጦ አይመታም። ሊገፋ የመጣውን ገበሬ፣ የወረደውን ተሳፋሪ፣ ዳር ቆሞ የሚያየውን ልጅ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ጨዋታው የሁላችንም ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አገራችንን እናውቃታለን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ሐረጎ አለ፣ ኩርባ በኩርባ ላይ። እሱ አስፋልት ስለሆነ ጭቃ አያስቸግረውም፤ የራሱ ጣጣ አለውና በኋላ እመለስበታለሁ።

ከአስፋልቱ ስንወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጉጉፍቱን ወጥታችሁ ወደ ለጋምቦና ወደ ወረኢሉ ስትዘልቁ፣ ጃማ ስትደርሱ፣ ወይም ከዋናው መንገድ ወደ አንዱ ቀበሌ ስትገነጠሉ የሚጠብቃችሁ ዋልካ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ከወረዳችሁ ደግሞ አሸዋና ደረቅ ወንዝ። ዝናቡም በዓመት አንዴ መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ በልግም አለን፣ ክረምትም አለን።

ዋልካን የረገጠ ያውቀዋል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሲርስ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጥርሱን ይሞላውና ጎማው እንደ ሙልጭ ብረት ይሽከረከራል። ከዚያ መኪናው በሆዱ ይተኛል። አሁን ጭቃው ከጎን መያዙ ብቻ አይደለም፣ ከሥርም ይመጥጠዋል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እንዲህ የተኛ መኪና ለማውጣት ስንት ጉልበት ይፈልጋል?

የተያዘ መኪና በማውጣት ሥራ የኖሩ ሰዎች አንድ የቆየ መለኪያ አላቸው። ጭቃው ጎማውን ከዋጠ፣ ለማውጣት የሚያስፈልገው ስበት የመኪናውን ክብደት ያህል ነው። ከጎማው አልፎ ፓራፋንጎው ከደረሰ እጥፍ ይሆናል። ባዶ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ሰውና ዕቃ ሲገባበት ወደ 3 ቶን ይጠጋል። ፓራፋንጎው ድረስ ከሰመጠ እንግዲህ ማሰሪያው የሚሸከመው 6 ቶን ገደማ ነው። በእኛ ቋንቋ 60 ኩንታል። ስድሳ ኩንታል ጤፍ በአንድ ብረት ላይ ሲንጠለጠል አስቡት። ያ ብረት ፓራውልት ከሆነስ?

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ይህ አገር ከባድ ነገር መጎተት ዛሬ አልጀመረም። መቅደላ አምባ ላይ፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያው ነው። ዐጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩት መድፍ ነው፤ ወደ 7 ቶን ይመዝናል ይባልለታል። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው፤ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው እየሳበው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጣ።

ለምን አነሣሁት? 7 ቶን ብረት ወደ በሽሎ ቁልቁል ሲወርድ የሚያስፈራው አልንቀሳቀስም ማለቱ አይደለም፤ የሚያስፈራው አምልጦ መሄዱ ነው። ከፊት የሚስበው ብቻ አይበቃውም፤ ከኋላ የሚይዘውም ያስፈልገዋል። የእኛ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይህ የኋላው ነው። ከፊት ደህና መንጠቆ አላቸው፤ ከኋላ ባዶ ናቸው። አፍንጫውን ጭቃ ውስጥ የቀበረ መኪና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀለው በመጣበት፣ ራሱ በከፈተው ዱካ፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ነው።

ስለዚህ ማሰሪያው ከፊትም ከኋላም ይሁን። ይቺን ያዙልኝ፣ እደግማታለሁ፦ ከፊትም፣ ከኋላም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አብረን መኪናው ሥር እንግባ። ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ። ለዚህ ክሪክ አያስፈልግም፣ ባይነሣም ይሻላል። ካርቶን አንጥፋችሁ ተኙ። የሽቦ ብሩሽና በናፍጣ የራሰ ጨርቅ በእጃችሁ ይኑር፤ የደረቀው ጭቃ ካልተነሣ የምታዩት ነገር የለም።

ከፊት፣ ከፓራውልቱ ሥር፣ ምን አያችሁ?

የጣት ውፍረት ያላት፣ ከክብ ብረት የታጠፈች፣ ወደ መሬት ያዘነበለች ቀለበት ልታዩ ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ በስስ ብረት ላይ ተበይዳ ነው የምትገኘው። እሷ መኪናው በመርከብ ሲመጣ እንዳይንቀሳቀስ ወደ ታች የታሰረባት ናት። ሥራዋን ወደብ ላይ ጨርሳለች። ከዋልካ ታወጣናለች ብላችሁ አትመኩባት።

ሌላው ወፍራም መንጠቆ ነው። ሥሩ ሰፊ ነው፤ ቢያንስ በሁለት ቡሎን ከሻንሲው ጋር ተይዟል። ብዙዎቹ ሃርድቶፖች ከፋብሪካ ይዘውት ይመጣሉ። ቡሎኖቹን በብሩሽ ጥረጉና እዩ። ዝገት በልቷቸዋል? ዳዶው ላልቷል? መንጠቆው ሻንሲውን በሚነካበት ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች? ወደ አፋር ለጨው የሚመላለስ መኪና ያላችሁ በተለይ እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጨው ብረትን የሚበላው ከማይታየው በኩል ነው።

ትንንሽ መኪኖች ላይ ደግሞ ከመፍቻው ጋር ተቀምጦ የሚገኝ፣ ፓራውልቱ ላይ ያለችው ክዳን ተነሥታ የሚጠመዘዝ ጆሮ አለ። ያ የተበላሸ መኪና በደልዳላ አስፋልት ቀስ ብሎ ለመውሰድ ነው። ጭቃ ውስጥ ሲሆን፣ በተለይ በጎን ከተሳበ፣ ይታጠፋል፤ ሊሰበርም ይችላል።

ወደ ኋላ እንሂድ። አንዳንዱ መኪና ተጎታች የሚቀጠልበት የብረት ኳስ አለው። ብዙ ሰው ገመዱን እሷ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ምቹ ናት፣ ክብ ናት፣ ታጓጓለች። አድማጮቼ፣ አደራ! ኳሷ የተሠራችው በእኩል ፍጥነት የሚከተል ተጎታች ለመያዝ ነው፤ የሰመጠ መኪና ለመንቀል አይደለም። አንገቷ ላይ ስትሰበር ገመዱ ተወጥሮ ያጠራቀመውን ኃይል ሁሉ ይዛ ትወነጨፋለች። በአውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ሰዎች ሞተዋል፤ የመኪና መስታወት አያቆማትም።

እና ኳስ ማሰሪያ ነው? አይደለም። ፓራውልትስ? አይደለም። ባሌስትራ? አይደለም። የመሪ ዘንግ? በጭራሽ! ማሰሪያ ማለት ከሻንሲው ጋር በቡሎን የተያዘ ነው።

ይህንን የማውቀው ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ግን ይህን ወሬ የት መንገድ ላይ ነው ያልሰማነው?

«አንተ፣ የት አሰርከው?»

«ፓራውልቱ ላይ ነዋ ጋሼ! ሌላው በጭቃ ተሸፍኖ አይታይም።»

«ይሁን፣ ይችላል። ሳብ በለው!»

ረዳቱ አልዋሸም፤ ጭቃው ሸፍኖታል። መታየት የነበረበት ከቤት ሳይወጣ ነው።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

መኪናችሁ ማሰሪያ ከሌለው አብሽሩ፣ ይገጠማል። ደሴም ኮምቦልቻም ብረት የሚያውቅ እጅ ሞልቷል። ጋራዥ ስትገቡ ግን መጀመሪያ የምትሰሙት «በይደን እንስጥህ» የሚል ነው። እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር፦ እሺ አትበሉ።

ለምን? ብየዳ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሻንሲ ሲበየድ፣ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በሙቀት ባሕርዩ ይለወጣል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሌላም አለ። ጥሩ ብየዳና መጥፎ ብየዳ ቀለም ከተቀቡ በኋላ አንድ ይመስላሉ። ቡሎን ግን ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ይጠበቃል፣ ካረጀ ይለወጣል። ማሰሪያው ራሱ ጠረጴዛ ላይ በጥሩ ባለሙያ ይበየድ፤ ሻንሲው ላይ ሲወጣ በቡሎን ይያዝ።

ቡሎን ስትገዙ ራሱን እዩት። ብረቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ተመትቷል? ጥንካሬውን የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ ትልቁ ቁጥር ይበልጥ ጠንካራ። ምንም ያልተጻፈበት ለበር ማጠፊያ ይሁንላችሁ። ለአንድ ማሰሪያ ቢያንስ ሁለት ቡሎን፣ ከእርሳስ የወፈረ፣ 12 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ። የማሰሪያው ብረትም ከ12 ሚሊ ባይሳሳ ጥሩ ነው። የቀዳዳው ጠርዝ በሞረድ ይለስልስ፤ ስለት ያለው ጠርዝ ገመድ ይቆርጣል።

ሻንሲው እንደ ሳጥን ውስጡ ክፍት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ሁለቱን ግድግዳ ወደ ውስጥ ያጨማድደዋል። ስለዚህ ቡሎኑ የሚያልፍበት ወፍራም ቱቦ በውስጥ ይገባል። ይህን ቱቦ ያለ ጥያቄ የሚያስገባ መካኒክ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ፣ ሰውየው ሥራውን ያውቃል።

በተቻለ መጠን ፋብሪካው ራሱ የተዋቸው ቀዳዳዎች ይሁኑ የምትጠቀሙባቸው። በተለይ አይሱዙና ሌሎች የጭነት መኪኖች ላይ የሻንሲውን የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈር አታስበሱ፤ ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው።

ገመዱና ማሰሪያው የሚገናኙት ሻክል በሚባለው ባለ ፒን ማያያዣ ነው። እዚያም ላይ ጽሑፍ ፈልጉ። የሚሸከመው ክብደት ብረቱ ላይ ተመትቶ ይታያል። ያልተጻፈበት ርካሽ ነው፣ ለምን እንደረከሰ ግን ገመዱ ሲወጠር ይነግራችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ ጠንካራ ማሰሪያ ካለ ሁለት ለምን? ከፊት ግራና ቀኝ ሁለት ካለ አንድ ቀበቶ በሁለቱ መካከል ይዘረጋና ዋናው ገመድ ከመሃሉ ይታሰራል። ጭነቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሻንሲውም በአንድ ጎን አይጣመምም። እዚህ ውስጥ ግን አንድ ወጥመድ አለ።

ሁለት ሰው አንድ ጀሪካን ውሃ በገመድ መሃል አንጠልጥለው ሲሸከሙ አይታችኋል? ተቀራርበው ሲሄዱ ይቀላቸዋል። ተራርቀው ገመዱ ወደ ጎን ሲለጠጥ ግን ያው ጀሪካን ትከሻቸውን ይገነጥላል። ቀበቶውም እንደዚሁ ነው። አጭር ከሆነና አፉ ሰፍቶ ከተከፈተ፣ እያንዳንዱ ማሰሪያ ጭነቱን ሙሉውን ብቻውን እንደያዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀበቶው ረዘም ይበል፣ አፉ ጠበብ።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ማሰሪያው ተገጠመ እንበል። ጭቃውም አልቀረም። መጀመሪያ ምን እናድርግ? ሳብ? አይደለም፤ አካፋ! ከጎማው ፊትና ከመኪናው ሆድ ሥር የሚወጣ እያንዳንዱ አካፋ ጭቃ ከማሰሪያው ላይ የሚቀንሰው ኩንታል አለው። ድንጋይና ቅጠል ከጎማው ፊት ይግባ። ገመድ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው።

የብረት ካቦ ከሆነ ያላችሁ፣ አትንጠቁት። ካቦ አይለጠጥም፤ ጎታቹ ተንደርድሮ ሲነጥቀው ያ ሁሉ ምት በአንድ ቅጽበት ማሰሪያው ላይ ያርፋል። ቀስ ብሎ ይወጠር፣ ከዚያ በዝግታ ይሳብ። ተንደርድሮ ለመሳብ የተሠራው የሚለጠጠው የናይለን ቀበቶ ነው፤ እሱም አስተማማኝ ማሰሪያ ሲኖር ብቻ። ገመድ አትቋጥሩ፤ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ከጥንካሬው ብዙ ያጣል። ሁለት ቀበቶም መሃል ላይ በሻክል አትቀጥሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሻክሉ ጥይት ይሆናል።

ከዚያ ሰው ይራቅ። ምን ያህል? ከገመዱ ርዝመት በላይ። በገመዱ ላይ የሚራመድ፣ አጠገቡ ቆሞ «ትንሽ ቀረው» የሚል አይኑር። ልጆችን ከሁሉ በፊት። የተወጠረው ገመድ መሃል ላይ ከበድ ያለ ነገር ጣል ይደረግበት፤ ቢበጠስ ወደ መሬት ይጫነዋል። ጋቢያችሁን ለዚህ አትሠዉ፣ የመኪናው ምንጣፍ ይበቃል።

አዛዡም አንድ ሰው ይሁን። እኛ ዘንድ መኪና ሲያዝ ያገሬው ሰው ሳይጠራ ነው የሚደርሰው፤ ይህ ደግነት ነው። ችግሩ ሁሉም አዛዥ መሆኑ ነው። አንዱ «ሳብ!» ሲል ሌላው «ቁም!» ይላል፤ ሾፌሩም የቀረበውን ድምፅ ይሰማል። አንድ ሰው ይመረጥ፣ ሁለቱም ሾፌሮች በሚያዩት ቦታ ይቁም፣ በእጁ ምልክት ይስጥ። «ቁም» የሚለውን ግን ማንም ቢጮኸው ይቆማል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሐረጎን ቃል ገብቼ ነበር። ደሴ ላይ ሞተሩ እንቢ ያለ መኪና በገመድ ተጎትቶ ኮምቦልቻ ይውረድ? ማሰሪያው የቱንም ያህል ቢጠነክር መልሴ አይውረድ ነው። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ መርጃ ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። ገመድ መሳብ እንጂ መግታት አይችልም። ቁልቁለቱ ላይ የኋላው መኪና የፊተኛውን ይደርስበታል፣ ገመዱ ይረግብና ጎማ ሥር ይገባል፣ ቀጥሎ ኩርባ አለ። ለሐረጎ መኪና የሚጭን መኪና ጥሩ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ያ ካልተገኘ ደሴ ላይ ይጠገን።

ብዙዎቻችሁ ለምታነሡት አንድ ጥያቄ መልሼ ልሰናበት። ማሰሪያ በሌለው መኪና ዛሬ ማታ ጭቃ ቢይዘንስ? የሻንሲውን መስቀለኛ ብረት ፈልጉ። እሱ ካልተደረሰበት ሰፊ ቀበቶ በአክስሉ ቱቦ ዙሪያ ይጠለፍ፤ ከመጠለፉ በፊት ግን የፍሬኑ ቀጭን ቱቦ ከሥሩ እንዳይያዝ በእጅ ዳብሳችሁ አረጋግጡ። በዝግታ፣ ቀጥታ፣ ሰው ርቆ። ስትወጡም ወዲያው አትብረሩ፤ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ረግጣችሁ ፈትሹ፣ ከመኪናው ሥርም የፈሰሰ ዘይት መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።

እስከ ሳምንቱ ድረስ የቤት ሥራ አላችሁ። መኪናችሁ ሥር ገብታችሁ ከፊትም ከኋላም ያገኛችሁትን ጻፉልን፦ ቀለበት ነው፣ መንጠቆ ነው፣ ወይስ ባዶ? ቡሎኑ ላይ ያነበባችሁትን ቁጥርም ጨምሩበት። በሚቀጥለው ሳምንት ጎማ በጭቃና በአሸዋ ስንት ነፋስ እንደሚይዝ እናወራለን። ደህና ሰንብቱ።

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይገባል፤ ከፍ ብሎ ይዘጋል)